በሚስማር የተመታው መስኮት፦ የላላና የተሰበረ የመስኮት እጀታን በቤት ውስጥ መጠገን

የመስኮት እጀታ ሲሰበር በብዙ ቤት የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ በሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ሲላላ በገመድ ይተካል፤ ገመዱ ሲበጠስ ደግሞ መዶሻ ይነሳና መስኮቱ በሚስማር ይመታል። “ለጊዜው ነው” የተባለለት ሚስማር ክረምቱን አልፎ፣ በጋውን ዘልቆ ዓመታት ይቆጥራል። መስኮቱም መስኮትነቱ ቀርቶ የግድግዳው አካል ይሆናል።

ጉዳዩ ተራ ቢመስልም የማይከፈት መስኮት የሚያስከትለው ጉዳት ከአንድ እጀታ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። የምድጃ ጭስ መውጫ ሲያጣ መሄጃው የእናቶችና የሕፃናት ሳንባ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ባለበት ቤት፣ በሳል የሚወጡት ተህዋስያን በታፈነ ክፍል አየር ውስጥ ለረጅም ሰዓት ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ የጤና ባለሙያዎች “መስኮት ክፈቱ” እያሉ የሚወተውቱትም ለዚህ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርድ በሚጠናባቸው የደጋ ከተሞች ከሰል ማብሰያ ብቻ ሳይሆን ማሞቂያም ነው። ከሚነደው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። በርግጥ መስኮት ቢከፈትም እንኳ የተቀጣጠለ ከሰል መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት አደገኛ ነው፤ መስኮቱ በሚስማር በተመታበት ክፍል ግን አደጋው የባሰ ይሆናል።

የማይዘጋ መስኮትም የራሱ ጣጣ አለው። ዝናብ ያስገባል፣ ለሌባ ያመቻል፣ ነፋስ ሲያላጋው መስታወቱ ይሰበራል። የወባ ትንኝ ለመንከስ የምትወጣው በአብዛኛው ከምሽት ጀምሮ ነው። በሀገራችን ዋነኛው የወባ ስርጭት ወቅት ደግሞ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በመሆኑ፣ በነዚህ ወራት በምሽት ገጥሞ የማይዘጋ መስኮት ለቆላና ለወይና ደጋ ነዋሪ ቀላል ነገር አይደለም።

አዲስ እጀታ ገዝቶ ከመምጣት በፊት ግን አሮጌው ለምን እንደተሰበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው ጥፋቱ የእጀታው አይደለም። መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር የሚያገናኘው ማጠፊያ ሲላላ ወይም ሲበላ መዝጊያው በራሱ ክብደት ወደ ታች ያዘነብላል። ያኔ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አይገጥምም። የቤቱ ሰው እጀታውን በኃይል ማዞር ይጀምራል፤ በየቀኑ በኃይል የሚዞር እጀታ ደግሞ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም። ማጠፊያው ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ እጀታ ዕጣው ከቀድሞው የተለየ አይሆንም።

መመርመሪያው ቀላል ነው። መስኮቱን በጥቂቱ ከፍቶ መዝጊያውን በእጀታው በኩል ካለው ጠርዝ ይዞ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ወይም ከፍ የሚል ከሆነ ችግሩ ያለው ማጠፊያው ላይ ነው። ከፍ አድርገው ይዘውት ያለ ትግል ከተዘጋ ደግሞ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ ሳለ መዝጊያው የሚታገል ከሆነ የመዝጊያውን ጠርዝ ጠመኔ ወይም ከሰል ቀብቶ መዝጋትና መክፈት ነው፤ መቃኑ ላይ ቀለሙ የታተመበት ቦታ የሚፋተገው የት እንደሆነ ይናገራል።

በሚስማር የተመታውን መስኮት ለማስከፈት ጥቂት ብልሃት ይጠይቃል። የዛገ ሚስማር በእንጨቱ ውስጥ ስለሚጣበቅ በቀጥታ ሲጎተት ራሱ ይቆረጣል፣ ካልሆነም መቃኑን ይሰነጥቃል። በቅድሚያ በመዶሻ ቀለል አድርጎ ወደ ውስጥ መምታት ዝገቱ እንዲለቅ ያደርጋል። ከዚያ በመዶሻው መንቀያ ስር ቁራጭ እንጨት አስደግፎ ቀስ እያሉ መሳብ ነው።

የእንጨት መስኮት ዋነኛ ሕመም የብሎን ቀዳዳ መስፋት ነው። ብዙ ጊዜ ማጠፊያ በብሎን ሳይሆን በሚስማር ተመትቶ ይገኛል። ሚስማር በየዕለቱ የሚንቀሳቀስን ነገር ለረጅም ጊዜ ይዞ አይቆይም፤ ብሎን ግን በጥርሱ እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። ቀዳዳው ከሰፋ በውስጡ ወረቀት ወይም የክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ያንኑ ብሎን መመለስ ለሳምንት ያህል ቢረዳ ነው። ዘላቂው መፍትሔ ከደረቅ እንጨት በቀዳዳው ልክ ውታፍ ጠርቦ፣ ኮላ ነክሮ መክተትና ማሳደር ነው። በማግስቱ የተረፈውን በመጋዝ ቆርጦ፣ ከብሎኑ በቀጠነ መብሻ አዲስ ቀዳዳ በስቶ፣ ከቀድሞው ጥቂት የሚረዝም ብሎን በካቻቢቴ ማጥበቅ ነው። ሳይበሱ በቀጥታ ማስገባት በተለይ ከጠርዝ አጠገብ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

እዚህ ላይ የወቅቱ ነገር ሊታሰብ ይገባል። እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በነሐሴ “አልዘጋ አለ” ተብሎ በመላጊያ የተላገ መስኮት በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይዞ ይገኛል። ስለዚህ በክረምት የሚታገለውን መዝጊያ ምልክት አድርጎ መተውና መላጉን ለበጋ ማቆየት ይበጃል፤ ተልጎ የተራቆተው ጠርዝም በዚያው ቀለም ካልተቀባ እንደገና ውኃ ይጠጣል። የእንጨቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ዋንዛና ዝግባ ለበርና ለመስኮት ተመራጭ ሆነው የቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደንብ ከደረቁ ቅርጻቸውን ይጠብቃሉ። ከተሰነጠቀ ብዙም ያልቆየ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ከተገጠመ በኋላ ይጣመማል። የተጣመመ መዝጊያን የትኛውም እጀታ አያቀናውም።

የብረት መስኮት ሌላ ጠባይ አለው። ዝገቱ የሚጀምረው ከታች፣ ውኃ ከሚቋጥርበት ጠርዝ ነው። የደነደነ ማጠፊያ ወይም እጀታ ሲገኝ በኃይል ከመታገል ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ ማሳደር፣ ከዚያም በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ጠርጎ የማሽን ዘይት ማጠጣት ነው። ነጭ ጋዙ በሚሠራበት ጊዜ እሳት በአቅራቢያ መኖር የለበትም። የምግብ ዘይት መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሲሰነብት አቧራ ይዞ እንደ ሙጫ ይደርቃልና መስኮቱን ከቀድሞው ያብሰዋል። የተጠረገው ብረት በዚያው ቀን የዝገት መከላከያ ቀለም ካልተቀባ ድካሙ ከንቱ ነው።

የብረት መስኮት እጀታ የሚላላው ብዙ ጊዜ የሚዞርበት ፒን ስለሚበላ ነው። ያረጀውን ፒን አውጥቶ ልኩ የሆነ ብሎን ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር ማስገባት ይቻላል። ዳዶው እጀታውን እስከሚያደርቅ ድረስ አይጠብቅም፤ በልኩ ከጠበቀ በኋላ ሁለተኛ ዳዶ ከላዩ ሲታከልበት ሁለቱ ተያይዘው እንዳይላሉ ይጠባበቃሉ። ማጠፊያው ደግሞ ላይኛው ክፍል ከታችኛው ፒን ላይ ተነቅሎ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያዘነበለውን መዝጊያ ለማንሳት ብየዳ ላያስፈልግ ይችላል። መዝጊያውን ለሁለት ሰው ሆኖ ነቅሎ በእያንዳንዱ ፒን ላይ አንድ አንድ ሮንዴላ አስገብቶ መመለስ መዝጊያውን በሮንዴላው ውፍረት ልክ ከፍ ያደርገዋል። ባለ መስታወት መዝጊያ ከሚገመተው በላይ ስለሚከብድ ብቻን መሞከር አይገባም።

ብየዳ የግድ በሚሆንበት ጊዜ መዝጊያውን ነቅሎ ወደ ብረታ ብረት ቤት መውሰድ በያጁን ወደ ቤት ከማምጣት ይሻላል። የብየዳ ፍንጣሪ ከመጋረጃ፣ ከፍራሽ ወይም ከሳር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። ሙቀቱ መስታወቱንም ስለሚሰነጥቀው ስቱኮውን ፈቅፍቆ መስታወቱን አስቀድሞ ማውጣት ይገባል።

በከተሞች እየተለመደ የመጣው የአሉሚኒየም መስኮት ከሆነ ጥገናው በአብዛኛው ዕቃ መቀየር ነው። ተንሸራታች መስኮት አልሄድ ሲል ግን በመጀመሪያ የሚታየው ከታች ያለው ሐዲድ ነው። አሸዋና አቧራ ሞልቶት፣ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹም ተደፍነው ይሆናል። ሐዲዱ ተጠርጎ መስኮቱ አሁንም ከከበደ ከስሩ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች አልቀዋል ማለት ነው፤ እነርሱም ለብቻቸው ተፈትተው ይለወጣሉ።

ወደ ገበያ ሲኬድ አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይበልጣል። ይህ ካልተቻለ በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ከመሐል እስከ መሐል በሚሊ ሜትር መለካት፣ የእጀታውን ዘንግ ውፍረት መያዝና መስኮቱ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ እንደሚከፈት ማስታወስ ያስፈልጋል። በገበያ ላይ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ናስ አይደለም። ርካሾቹ እጀታዎች በአብዛኛው ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጹ ናቸውና ኃይል ሲበዛባቸው ሳይጎብጡ በአንዴ ይቆረጣሉ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው ደግሞ ከበስተጀርባ በማይታይ ቦታ ጫር ሲደረግ ቢጫ ከወጣ ናስ፣ ነጣ ያለ ግራጫ ከወጣ የዚንክ ቅይጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በርግጥ ሻጩ መጫሩን ላይወደው ይችላል።

የተከራየ ቤት ከሆነ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሥራው ሳይጀመር መነጋገር ይገባል። ስንት መስኮት በአከራይና በተከራይ መተያየት ሳይጠገን ቀርቷል።

ለሌባ መከላከያ የብረት ፍርግርግ የተገጠመለት ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፦ እሳት ቢነሳ በሩ ካልተቻለ መውጫው የት ነው? ቢያንስ በመኝታ ክፍል ያለው ፍርግርግ በቁልፍ የሚከፈት ቢሆን፣ ቁልፉም ከውጭ እጅ የማይደርስበት፣ ከውስጥ ግን ልጆችም ጭምር በጨለማ ሊያገኙት የሚችሉት አንድ ቋሚ ቦታ ቢሰቀል መልካም ነው። መቆለፊያው ራሱ ይዝጋልና በየጊዜው ዘይት ጠብ ማድረግና ከፍቶ መሞከር ይገባል።

ለዚህ ሁሉ ሥራ አመቺው ጊዜ ዝናቡ ሳይጠና ያለው የበጋ ወቅት ነው፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ቀለሙም ቶሎ ይደርቃል። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም አንድ ጊዜ መዞርና የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ ከታች የቋጠረ ውኃ ካለ ማድረቅ፣ በወባማ አካባቢ ደግሞ የትንኝ መከላከያ ወንፊቱ ከጠርዙ አለመገንጠሉን ማየት ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።