የስላይድ ሙጫዎች፦ ከግራር ቆላ እስከ ላቦራቶሪ

በማይክሮስኮፕ የሚታይ ህብረ ሕዋስ ሁለት ዓይነት ሙጫ ይፈልጋል። አንዱ ቁራጩን ከስላይዱ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ሌላው በቁራጩና በስሱ መሸፈኛ መስታወት መካከል ገብቶ ብርሃን ሳይበተን እንዲያልፍ ያደርጋል። በአሶሳና በአካባቢው ጤና ተቋማት በብዛት የሚሠራው የወባ ደም ስላይድ ሁለቱንም አይሻም፤ ደሙ ራሱ መስታወቱ ላይ ይደርቃል፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይታያል። ከአካል ተቆርጦ የተወሰደ ናሙና ግን እንዲህ አይገራም።

በፓራፊን ሰም ውስጥ ተቀብሮ የሚቆረጠው ናሙና ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ይሳሳል። ለብ ባለ ውሃ ላይ ተዘርግቶ በስላይድ ይነሳል፤ በደንብ ከደረቀም ብዙ ጊዜ ያለ ሙጫ ይይዛል። የሚላቀቀው ረጅም ማቅለሚያ፣ ሙቀት ወይም አልካሊ ሲያገኘው ነው። ለዚህ ፓውል ማየር በ1883 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ የእንቁላል ነጭና ግሊሰሪን እኩል ተቀላቅለው ይጣራሉ፣ እንዳይበላሽም ጥቂት ቲሞል ይጨመራል። ከዚያ አንዲት ጠብታ በጣት ጫፍ ስላይዱ ላይ ትታሻለች፤ ከበዛ እንቁላሉ ራሱ ቀለም ጠጥቶ ምስሉን ያደበዝዛል። ፖሊላይሲን ወይም ሲሌን የተቀባ ስላይድ የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው፦ የመስታወቱ አዎንታዊ ሙል የህብረ ሕዋሱን አሉታዊ ሙል ይስባል።

የመሸፈኛው ሙጫ ዋና መለኪያ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ነው። የመስታወት 1.52 ገደማ፣ የውሃ 1.33፣ የግሊሰሪን 1.47 ነው፤ ለመስታወቱ በቀረበ መጠን የተቀለመው ሕዋስ ጥርት ብሎ ይታያል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የገነነው ከካናዳ ጥድ የሚገኘው ባልሳም ነበር፤ ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ከዓመታት በኋላም ይበጫል። በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ከፖሊስታይሪን የተሠራው ዲ.ፒ.ኤክስ. ይህን አቃለለ። ለዓመታት ለሚቀመጥ ስላይድ ከባልሳሙ ይልቅ እሱን መምረጥ ይበጃል።

ሁለቱም የሚጠይቁት ዋጋ አለ፦ ናሙናው በአልኮል ውሃው ወጥቶ በዛይሊን መታጠብ አለበት። እነዚህ ስብን ያሟሟሉ። በጉበት ውስጥ የተጠራቀመ ስብ የሚፈለግ ከሆነ የሚፈለገው ነገር ከነማስረጃው ይጠፋል። እዚህ ላይ በውሃ የሚሟሟው የግራር ሙጫ ይጠቅማል። ይህ ሙጫ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ቆላዎች ይለቀማል፤ ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ዛፉን ሀሻብ ይሉታል። ቅርፊቱ ሲላጥ ወይም ሲቆስል የሚወጣው ፈሳሽ ደርቆ ወርቃማ እንክብል ይሆናል። እኩል ክብደት ካለው ስኳርና ውሃ ጋር ቀስ ብሎ በሙቀት ሲሟሟ የአፓቲ ሽሮፕ ይባላል፤ ሲደርቅ ወደ 1.52 ይጠጋል። ግሊሰሪን ያለበት የፋራንትስ ሙጫም ዘመዱ ነው። ክሎራል ሃይድሬት ሲጨመርበት ደግሞ የሆየር ሙጫ ይሆናል፤ ትንኝና ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት በእሱ ይሸፈናሉ።

በመተከል የሚመረተው ዕጣን ለዚህ አይመችም። በውሃ የሚሟሟ ሙጫና በአልኮል የሚሟሟ ሬዚን አብረው ስላሉበት በአንድ ማሟሚያ ጥርት አይልም።

የግራር ሙጫም በክረምት እርጥበት ይሻግታል፤ ቲሞል የሚገባበት ለዚህ ነው። በበጋው ሙቀት ደግሞ ከዳር ጀምሮ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ አየርም ያስገባል። ስለዚህ የመሸፈኛው መስታወት ዙሪያ በጥፍር ቀለም ይታሸጋል፤ ስላይዱም ሙጫው እስኪጠነክር ድረስ በጠፍጣፋ ቦታ ተጋድሞ ይቆያል።