አውራ በግና የክረምት ሣር

አንድ ገበሬ 15 ሴት በጎችና አንድ አውራ በግ አሉት እንበል። በሚያዝያ ወር ሴቶቹ አውራውን ይፈልጋሉ፤ አውራውም ሳይታክት ይሰርራቸዋል። የበግ እርግዝና አምስት ወር ያህል ነውና ገበሬው በመስከረም ግልገሎች በደጁ ሲፈነጩ ለማየት ተስፋ ያደርጋል። መስከረም ሲጠባ ግን የወለዱት ሦስት ወይም አራት ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ይባላል? አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረደው በሴቶቹ ላይ ነው። «መክነዋል» ተብለው ወደ ገበያ ይነዳሉ። አውራው ሲሰርር በዓይን ታይቷልና የሚጠረጥረው የለም። እናንተም በዚህ ፍርድ ከመስማማታችሁ በፊት የአውራው በግ ዘር መቼና ከምን እንደሚሠራ መመርመር ይኖርባችኋል።

የወንድ በግ የዘር ሕዋስ የሚሠራው በቆለጦቹ ውስጥ በሚገኙ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ሥራው የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሳምንት አይደለም። አንድ የዘር ሕዋስ መሠራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ሰባት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ከዚያም በቆለጡ ጐን በተጠመጠመው ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲጓዝና ሲበስል ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሁለቱን ብትደምሩ ሁለት ወር ይሞላል። እንግዲህ በሚያዝያ የሚሰርር አውራ ለሴቷ የሚሰጣት ዘር የሚያዝያ ዘር አይደለም፤ በየካቲት የተጀመረ ነው። በየካቲት በደጋው አገር ምን እንዳለ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ የበልጉ ዝናብ ካልጣለ በቀር መስኩ ነጥቷል፤ በጉም ገለባና የደረቀ የሣር ሥር ይለቃቅማል።

በጉ ሲከሳ ቆለጡ ከቀረው አካሉ ይልቅ ፈጥኖ ይኮማተራል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ግራም ቆለጥ በቀን 20 ሚሊዮን ያህል የዘር ሕዋስ ያመርታል። የአንድ አውራ በግ ሁለት ቆለጦች በአንድነት 300 ግራም ቢመዝኑ የዕለት ምርታቸው 6 ቢሊዮን ይደርሳል፤ ወደ 200 ግራም ቢወርዱ ግን 4 ቢሊዮን ብቻ ይሆናል። እንዲያውም የተራበ ቆለጥ በየግራሙ የሚያመርተውም ስለሚቀንስ እውነተኛው ኪሣራ ከዚህ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ሕዋስ ለአንዲት እንቁላል ምን ይሠራላታል የሚል አይጠፋ ይሆናል። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ብዛት መካከል እንቁላሏ ወዳለችበት የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ አውራውም በአንድ ቀን ለብዙ ሴቶች የሚያካፍለው ነው።

ረኃቡ ወደ ቆለጥ የሚደርሰው በአንጎል በኩል ነው። በአንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ ሆርሞን በደም እየላከች ቆለጥን ታሠራዋለች። እርስዋም በበኩልዋ ከበላይዋ ካለው የአንጎል ክፍል ትእዛዝ ትቀበላለች። የሰውነት ስንቅ ሲያንስ ይህ ትእዛዝ ይሳሳል፤ ቆለጡም ሥራውን ይቀንሳል። አሳሳቹ ነገር የመስረር ፍላጎት እንደ ዘሩ ቶሎ የማይጠፋ መሆኑ ነው። የከሳ አውራ ሴቷን ይከተላል፣ ያሸታል፣ የላይ ከንፈሩን ይገለብጣል፣ ይሰርራል፤ የያዘው ዘር ግን ጥቂት ነው። ገበሬያችንን ያታለለው ይኸው ነው።

ስለ ወቅት በባዕድ አገር መጻሕፍት የምታነቡት ከአገራችን ሁኔታ ጋር ላይገጥም ስለሚችል አስተውሉ። ለምሳሌ ያህል የስኮትላንድን ከተማ ኤዲንበርግን ውሰዱ። ከምድር ወገብ 56 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ የበጋዋ ቀን ከ17 ሰዓት ይበልጣል፤ የክረምቷ ቀን ደግሞ 7 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ አገር በግ አንጎል ውስጥ ያለች አንዲት ዕጢ በሌሊት ብቻ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ትሠራለች። ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ሆርሞኑ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ አውራውም ወቅቱ መድረሱን በዚህ ያውቃል። ቆለጡ ያድጋል፤ በጸደይ ወራት ግን መልሶ ይኮማተራል። በዚህም ምክንያት ግልገሎቹ የሚወለዱት ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ሣሩ ሲያቈጠቁጥ ነው።

አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅሙ ቀኗ ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ነው። ባና የሚሠራበትን ጠጕር የሚሰጠው የመንዝ በግ ከቀኑ ርዝመት የሚረዳው ብዙ ነገር የለውም፤ ሴቶቹም በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ወር ሊፀንሱ ይችላሉ። የዚህ በግ ሰዓት ቈጣሪ ፀሐይ ሳትሆን ዝናብ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

መኖ ከብርሃን ሊበልጥ እንደሚችል በግልጽ የታየው በአውስትራሊያ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሱፉ የታወቀውን ሜሪኖ የተባለ በግ ከግጦሹ ሌላ ግብጦ እየጨመሩ ቀለቡት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአውራዎቹ ቆለጥ አደገ፤ የዘር ሕዋሳቸውም በዛ። ሰፎክ የተባለው የእንግሊዝ አገር ዝርያ ግን ይበልጥ የሚከተለው የቀኑን ርዝመት ነው። ግብጦ ሲባል የጎጃሙ ግብጦ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። በእርግጥም ዘመዱ ነው። ይሁን እንጂ የአውስትራሊያው መራራነቱ በዝርያ ምርጫ የተቀነሰለት ነው፤ የኛው ግን መራራና መርዛማ ነገር ስላለበት ተቈልቶ ወይም ተቀቅሎ ብዙ ቀን በውኃ ሳይዘፈዘፍ አይበላም። ስለዚህ ጥሬውን አንሥቶ ለበግ መስጠት አይገባም።

ሙቀትም የወቅት አካል ነው። የበግ ሰውነት 39 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ቆለጡ በአራት ወይም በአምስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለውም ለዚህ ነው። በትኩሳት የታመመ አውራ ከዳነ በኋላ እንኳ ዘሩ ለሳምንታት ደካማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱ ያው የሁለት ወሩ ሂሳብ ነው። እንደ ሙክት ማድለብም አይበጅም፤ ስብ የተጫነው አውራ ይሰንፋል፤ በቆለጡ ከረጢት የተጠራቀመው ስብም ሙቀቱን ያፍናል።

ገበሬው ብዙ ወጪ ሳያወጣ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የሚቀልበው መንጋውን ሁሉ አይደለም፤ አንዱን አውራ ነው። በሚያዝያ እንዲሰርር የሚፈልገውን አውራ ከየካቲት መግቢያ ጀምሮ በድርቆሹ ላይ ፍሩሽካና ፋጉሎ፣ ይህ ካልተገኘም ከቤት የሚወጣውን አተላ እየጨመረ ይቀልበው። ሚያዝያ ላይ የተጀመረ ቀለብ ግን ውጤቱ የሚታየው በሰኔ ነው። ከዝናቡ ጋር መሄድ የሚመርጥም አይከስርም፤ በሐምሌና በነሐሴ ለምለም ሣር የጠገበ አውራ በጥቅምት ብርቱ ዘር ይኖረዋል። በጥቅምት የተፀነሰው ግልገል በመጋቢት ስለሚወለድ፣ በልግ በሚዘንብበት አገር ለእናቲቱ ለጋ ሣር ይደርስላታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግለት አውራ ከመጀመሪያው የተመረጠ መሆን አለበት። በየመንደሩ የምናየው ግን ሌላ ነው፤ መልካሙ ጠቦት ለበዓል ይሸጣል ወይም ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል፤ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው።

ወደ 15ቱ በጎች እንመለስ። ገበሬው እነርሱን ወደ ገበያ ከመንዳቱ በፊት አውራውን ይዞ ቆለጡን በእጁ ይዳስስ። ሞላ ያለና ጠንካራ ከሆነ መልካም ነው፤ ያነሰና የላላ ከሆነ ግን በደኅና የተቀለበ ሌላ አውራ ከጎረቤት ተውሶ በሴቶቹ መካከል ይልቀቅ። ያልፀነሰች በግ በ17 ቀን ገደማ እንደገና አውራ ትፈልጋለች። ሁለት ዙር ካለፈ በኋላ አውራውን የማይፈልጉት አብዛኞቹ አርግዘዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ገበያ የሚነዳ ካለ፣ የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ ይታወቃል።