ኒካህ ሳይታሰር መለያየት፤ በመልካም መሸኘት እንዴት ነው?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ስለ ትዳር አመሠራረት፣ ስለ መህርና ስለ ሠርግ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ስለ ፍቺም እንዲሁ ይነገራል። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺታ ተገኝቶ፣ ኒካህ ግን ገና ሳይታሰር ስላለው የእጮኝነት ወቅት ግን ብዙም አይወሳም። በዚህ ወቅት ከሁለቱ አንዱ ሐሳቡን ቢለውጥ ምን ያድርግ? እንዴትስ ይናገር? የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ካለ በየሰፈሩ የሚታየውን ያስተውል። ልጁ ሠርቶ ለመለወጥ ወደ አረብ አገር ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ልጅቷ ታጭታ ቀርታለች። በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ ይደወላል። በሁለተኛው ዓመት በወር አንዴ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። ሌላ ጠያቂ ሲመጣ አባት «ልጄ ታጭታለች» ብሎ ይመልሳል። ዓመታት ያልፋሉ። ልጅቷ ያገባች አይደለችም፤ ለማግባት ነጻ የሆነችም አይደለችም። የተገላቢጦሹም አለ። ልጅቷ ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራች ለወደፊት ኑሯቸው ገንዘብ ትልካለች። ልጁ ግን እዚህ ሌላ ጎጆ ቀልሷል፤ አልነገራትም።

ልብ በሉ! በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ትልቁ በደል መለያየቱ አይደለም። ትልቁ በደል አለመናገሩ ነው። ሐሳብ ሊለወጥ ይችላል፤ ልብ በአላህ እጅ ነው። ሰውን በተስፋ አንጠልጥሎ ማስቀመጥ ግን ዙልም ነው።

እጮኝነት ኒካህ አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በሸሪዓችን ኺጥባ፣ ማለትም ማጨት፣ ለጋብቻ የሚገባ ቃል ነው፤ ጋብቻው ራሱ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ እጮኛሞች እርስ በርሳቸው ባዕድ ናቸው። ቢለያዩ ጠላቅ አያስፈልግም፤ ዒዳም የለም። ቃል መግባት በእስልምና ትልቅ ነገር ስለሆነ ያለ ምክንያት ቃልን ማጠፍ የተጠላ ነው። ይሁን እንጂ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ቢመለስ ዑለማኦች ነውር አላሉትም። እንዲያውም ልቡ ያልፈቀደውን ኒካህ አስሮ ከወር በኋላ ከሚፈታ፣ ዛሬውኑ በግልጽ ቢናገር ለሁሉም ይበጃል።

በአገራችን ግን ኒካህ ቀድሞ ታስሮ ሠርጉ ለሌላ ጊዜ የሚቆይበት ልማድ አለ። «እጮኛሞች ነን» እያሉ በሸሪዓ ፊት ግን ባልና ሚስት የሆኑ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ የሚለያዩት በጠላቅ ወይም በኹልዕ ነው። አብረው ከመሆናቸው በፊት ባል ቢፈታ፣ መህሩ አስቀድሞ ተወስኖ ከሆነ ግማሹ የእርሷ እንደሆነ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 237 ተደንግጓል። መህር ያልተወሰነ ከሆነ ደግሞ ባልየው እንደ አቅሙ የመጽናኛ ስጦታ እንዲሰጣት ከዚያው በፊት ያለው አንቀጽ 236 ያዛል። ዒዳ እንደማይኖርባትና አሸኛኘቱም ያማረ እንዲሆን በሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 49 ተመልክቷል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ክርክር ከተነሳና ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ፣ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ በክልልም የክልሉ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ አላህ (ሱ.ወ) ስለ መለያየት በደነገገባቸው ቦታዎች ደጋግሞ መልካምነትን አብሮ ጠቅሷል። መያዝም መሸኘትም በመልካም እንዲሆን ታዟል። መለያየት የኢሕሳን በር የሚዘጋበት ቦታ አይደለም ማለት ነው።

ከመዲና ሦስት ታሪኮች

የመጀመሪያው የበሪራና የሙጊስ ታሪክ ነው። በሪራ በዓኢሻ (ረ.ዐ) አማካይነት ከባርነት ነጻ ወጣች። ባሏ ሙጊስ ባሪያ ስለነበር አብራው እንድትቀጥል ወይም እንድትለየው ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ በጣም ይወዳት ስለነበር እያለቀሰ በመዲና መንገዶች ይከተላት እንደነበር፣ እንባውም በጢሙ ላይ ይወርድ እንደነበር ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ማስተላለፋቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለት። በሪራንም ብትመለስ እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። እርሷም ይህ ትእዛዝ ነው ወይ ስትል ጠየቀች። ትእዛዝ ሳይሆን ምልጃ መሆኑን ነገሯት። እንግዲያውስ እርሱን እንደማትፈልገው በግልጽ ተናገረች። ጉዳዩም በዚህ አበቃ።

ከዚህ ስንት ትምህርት እንወስዳለን! የአላህ መልእክተኛ አማለዱ እንጂ አላስገደዱም። በሪራን ጨካኝ አላሏትም። ሙጊስንም ወንድ ልጅ እንዴት ያለቅሳል ብለው አላዋረዱትም። ዛሬ ግን የእኛ ሽማግሌዎች አንዳንዴ «እኛን አሳፍረህማ አትሄድም» ይላሉ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምልጃ የሚበልጥ የማን ሽምግልና ነው?

ሁለተኛው የሣቢት ኢብኑ ቀይስ ባለቤት ታሪክ ነው። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ በባሏ ሥነ ምግባርም ሆነ በሃይማኖቱ እንከን እንደማታወጣበት፣ ነገር ግን አብራው ብትቀጥል በእስልምናዋ ላይ ጥፋት እንዳይደርስባት እንደምትፈራ ተናገረች። መህር አድርጎ የሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልስለት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሺ አለች። ሣቢትም እንዲቀበልና እንዲለቃት ተነገረው። ሴትየዋ ለመለየት ስትል የሰውየውን ስም አላጠፋችም። የእርሱን ደግነት መስክራ የራሷን ልብ ነገረች። የተቀበለችውንም መለሰች።

ሦስተኛው በራሳቸው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ የደረሰ ነው። ከጀውን ነገድ የሆነች ሴት አግብተው ሳለ፣ ገና ወደ እርሷ ሲቀርቡ ከእርሳቸው በአላህ እንደምትጠበቅ ተናገረች። አልተቆጧትም፤ አልሰደቧትም። ወጥተው አቡ ኡሰይድን (ረ.ዐ) ሁለት ልብስ እንዲያለብሷትና ወደ ቤተሰቧ እንዲያደርሷት አዘዙ። ይህም በቡኻሪ የተዘገበ ነው። አልፈልግም ለተባለ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ አለ? ሴትየዋ ወደ ወላጆቿ የተመለሰችው ለብሳና ተሸኝታ ነው።

እንዴት እንናገር?

አንደኛ፣ ከመናገራችሁ በፊት ወስኑ። ኢስቲኻራ ስገዱ፤ አላህን የሚፈራና ምስጢር የሚጠብቅ ሰው አማክሩ። ዛሬ «ይቅር» ብሎ ነገ መደወል፣ ከነገ ወዲያ እንደገና መሰወር፣ የሰውን ቁስል በየቀኑ መነካካት ነው።

ሁለተኛ፣ ከወሰናችሁ አታዘግዩ። ለሠርጉ ከብት ከተገዛ፣ ድንኳን ከተከራየና ዘመድ ከተጠራ በኋላ የሚነገር ቃል ሐዘኑን ከኪሳራና ከሐፍረት ጋር ይደርበዋል። ሌላም ምክንያት አለ። በወንድም ማጨት ላይ ሌላው እንዳያጭ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ የፊተኛው ሲተው ወይም ሲፈቅድ ነው በሩ የሚከፈተው። ስለዚህ እጮኛው ትቶ ሳለ መተዉን ካልተናገረ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ እንደሄደ ሰው ነው። ሌላው ሙስሊም አክብሮ ይርቃል፤ እርሱ ግን አይመጣም።

ሦስተኛ፣ ለሚመለከተው ሰው በቀጥታ ተናገሩ። የጠየቃችሁት ከወሊዩ ከሆነ ለወሊዩ ተናገሩ። ሲጠይቁ ሽማግሌ ልኮ ሲተዉ በቴሌግራም አንድ መስመር መጻፍ፣ ወይም ቁጥሯን መዝጋት፣ አደብ አይደለም። ሩቅ አገር ያለ ሰው ደግሞ ደውሎ በድምፁ ይንገር። ለብቻ በተዘጋ ቦታ መገናኘት ግን አይፈቀድም፤ የመጨረሻ መሰናበቻ የሚባል ኸልዋ የለም።

አራተኛ፣ እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን እንከን አትቁጠሩ። ለምሳሌ ወንዱ ለአባቷ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «አባባ፣ በልጅዎ ላይ ያየሁት ነውር የለም። ቤታችሁም አክብሮኛል። እኔ ግን ልቤ ለዚህ ትዳር እንዳልረጋ አውቄያለሁ። ሳልነግራችሁ ብቆይ ልጅዎን እበድላለሁ ብዬ መጣሁ። አውፍ በሉኝ።» ሴቷም በወሊይዋ በኩል ወይም ራሷ «ወንድሜ፣ አንተ መልካም ሰው ነህ። ይህ ጋብቻ ግን እንዲቀጥል አልፈልግም። አላህ ለአንተም ለእኔም ኸይሩን ይምረጥልን» ብትል ይበቃል። መልኳን፣ ድህነቱን፣ የቤተሰብን ጎዶሎ መዘርዘር አያስፈልግም። ያቺ ቃል ዕድሜ ልክ ትታወሳለች።

አምስተኛ፣ የሌለ ተስፋ አትስጡ። «ምናልባት ወደፊት» ማለት ለጊዜው የደግነት ይመስላል። የሰማው ሰው ግን በዚያች «ምናልባት» ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ሐዘኑ ዛሬ ቢጀምር ይሻላል፤ የጀመረ ሐዘን ያልቃል።

ስጦታና ምስጢር

ኒካህ ሳይታሰር አስቀድሞ የተሰጠ መህር ካለ ለሰጪው ይመለሳል፤ ምክንያቱም መህር የሚጸናው በኒካህ ነው። እንደ ወርቅ፣ ልብስና ስልክ ያለውን ስጦታ በተመለከተ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። በሐነፍዮች ዘንድ ስጦታው እንዳለ ከሆነ ሰጪው መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለቀ ወይም የጠፋ ከሆነ ግን አይጠየቅም። በሻፍዒዮች ዘንድ ለጋብቻው ሲባል የተሰጠው ይመለሳል፤ ካለቀም ዋጋው ይታሰባል። ከማሊኪዮች አንዳንዶቹ ደግሞ የተወው ወንዱ ከሆነ ምንም አይመለስለትም፤ የተወችው ሴቷ ከሆነች ትመልስ ይላሉ። ስለዚህ በስጦታ ከመጣላታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ። ከፍርዱ በላይ ግን ደግነት አለ። አፍራሹ የሰጠውን ቢተው፣ ተቀባዩም የተቀበለውን ሳይጠየቅ ቢመልስ፣ ሁለቱም በአላህ ዘንድ ያተርፋሉ። ለጋራ ኑሮ ተብሎ የተላከ ገንዘብ ግን አማና ነው፤ ያለ ክርክር ይመለስ።

ምስጢርም አማና ነው። በስልክ ያለ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይጥፋ። ለጓደኛ ማሳየት ወይም «አወጣዋለሁ» ብሎ ማስፈራራት ከባድ ወንጀል ነው። እናቶቻችንም በቡና ላይ «ለምን ቀረ?» ተብለው ሲጠየቁ «አላህ አላለውም» ብለው ቢያልፉት ሁለት ቤት ይሸፍናሉ። በሐቅ ለትዳር የሚያስብ ሰው መጥቶ ምክር ከጠየቀ ግን ሌላ ነው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ስለጠየቋት ሁለት ሰዎች ስታማክር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለውሳኔዋ የሚያስፈልገውን ያህል ነግረዋታል። መጠኑ ይህ ነው፤ ለሚጠይቅ፣ ለሚያስፈልገው፣ በሚያስፈልገው ልክ።

ለተተወው ወገን

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አልፈልግም የተባላችሁ እናንተ ማልቀሳችሁ የኢማን ጉድለት አይደለም። ሙጊስም አልቅሷል። መከታተል፣ ማስፈራራት፣ በዘመድ ማስጨነቅ ግን ሐራም ነው። ጠለፋማ በሃይማኖትም በአገር ሕግም ወንጀል ነው። ወላጆችም ልጃቸውን «ምን ብታደርጊ ነው የተወሽ?» ብለው አይውቀሷት። የተተወች ልጅ የተጓደለባት ነገር የለም። ሰፈሩ ይህን የሚያውቀው ግን በመጀመሪያ የራሷ ቤት ሲያውቅ ነው።

ከቤተሰብ ተደብቆ የተጀመረ ግንኙነት ውስጥ ያላችሁ ወጣቶችም አላችሁ። ተውበት አድርጋችሁ ስትወጡም በመልካም ውጡ። «ዲን ይዣለሁ» ብሎ ትናንት አብሮ የነበረን ሰው እንደ ቆሻሻ መጣል ተውበትን አያሳምርም። ምክንያቱን በአጭሩ ተናገሩ፤ ይቅርታ ጠይቁ፤ ምስጢሩን ሸፍኑ፤ ለሁለታችሁም ዱዓ አድርጉ። ጋብቻውን በእውነት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ በሩ ክፍት ነው፤ ሽማግሌ ላኩ።

ዛሬ ይህን የምታዳምጡ፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው በእጃችሁ ያለ ወንድምና እህት ሆይ! ከጁሙዓ በፊት ደውሉ። ቃሉ አጭር ነው፤ ዓመታት የሚፈጅ እስር ይፈታል። አላህ (ሱ.ወ) ስንገናኝም ስንለያይም መልካሞች ያድርገን፤ የተሰበሩትን ልቦች ይጠግን፤ ለሁሉም የተሻለውን ይተካ። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።