አንድ ቤት፣ ሁለት ኑዛዜ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ትገኝ የነበረችው የጊች መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወርደዋል። ስለ ፓርኩም ስለ ዋልያውም ብዙ ተጽፏል፤ የነዋሪዎቹ ውርስ ግን እምብዛም አልተነሣም። ተራራው ላይ የቤተሰብ ሀብት የገብስ ማሳና ከብት ነበር። የማን ማሳ የት ላይ እንደሚያበቃ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ከብትም በቁጥር ይከፈላል። ከተማ ውስጥ ሀብቱ አንድ ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ለአምስት ልጅ አይሸነሸንም። በደባርቅም ሆነ በዳባት ባልና ሚስት ኑዛዜ መጻፍ ያለባቸው ሀብታም ስለሆኑ ሳይሆን ያላቸው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ነው ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው ባልና ሚስት ይወራረሳሉ ብሎ ያምናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያ አይልም። ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ወንድ ሴት ሳይባል እኩል። የትዳር ጓደኛ ከወራሾቹ ተርታ የለም። ሚስት የጋራ ሀብቱን ግማሽ ትወስዳለች፤ ይህ ግን ድሮም የራሷ ነው። ቀሪው ግማሽ የልጆች ስለሚሆን፣ አንዱ ልጅ «ቤቱ ተሽጦ ድርሻዬ ይሰጠኝ» ካለ እናት ያረጀችበትን ቤት ልትለቅ ትችላለች። ባል በኑዛዜው «እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትኑርበት» ብሎ የአላባ መብት ቢተውላት፣ የልጆቹ ባለቤትነት ሳይነካ እሷም ማደሪያ አታጣም። የገጠር መሬት ግን ሌላ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ብቻ ነው፤ ውርሱም በክልሉ የመሬት አዋጅ ይመራል።

«ልጆቻችን ይዋደዳሉ፣ ካልሆነም ሽማግሌ አለ» የሚል መልስ የተለመደ ነው። ሽምግልናን አላቃልልም፤ ብዙ ቤት ያቆመ ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ግን ሟች ምን ፈልጎ እንደነበር የሚያውቀው ሲነገረው ነው። በሞት አፋፍ ለሁለት ምስክር የሚነገር የቃል ኑዛዜም ለቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ጉዳይና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ቤት አያስተላልፍም። «ልጆቼ ካወቁ ይንቁኛል» ለሚልም ሕጉ መልስ አለው። ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው፤ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ሊሽረው ይችላል፤ አልሽርም ብሎ ቃል ቢገባ እንኳ ቃሉ አያስረውም። ከጊች ለመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ ሸሪዓ አለ፤ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ያያል። እዚያም ኑዛዜ ከሀብቱ ሲሶ እንዳያልፍ ስለሚከለከል አስቀድሞ ቃዲን ማማከር ይበጃል።

ፍቅር የሚወልደው ስሕተትም አለ፦ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ። ይህ ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መጻፍ አለባቸው። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይህም መደረጉ ከነቀኑ ተጽፎበት ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ያለ ምስክር ሙሉውን በገዛ እጁ ሊጽፍ ይችላል፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፣ በየገጹም ቀን ጽፎ ይፈርም። ይህን ወረቀት ሣጥን ውስጥ መርሳት ግን አደገኛ ነው፤ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።