ኤምፑታ፦ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ በበርበሬና በኮረሪማ

ከካምፓላ መሀል ወደ ደቡብ የሚወርደው የጋባ መንገድ ካባላጋላን፣ ካንሳንጋንና ቡንጋን አልፎ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያበቃል። በከተማዋ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎቹ የሰፈሩት በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሱቆች፣ የሀበሻ ምግብ ቤቶችም እዚሁ አሉ። መንገዱ በሚያልቅበት በጋባ ደግሞ ጀልባዎች ዓሣ ያራግፋሉ። ስለዚህ ከሥራ የሚመለስ ሰው ዓሣውንም ቅመሙንም በአንድ መንገድ ላይ ያገኛል። ከሁለቱ የሚሠራው በቅመም ታሽቶ በኦቨን የሚበስል ዓሣ ለሥራ ቀን እራት የተመቸ ነው፤ ዝግጅቱና ማብሰያው ተደምሮ ከአርባ ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

የውጭ አገር የምግብ አሠራሮች ለዚህ ዓይነቱ እራት ሳልመን ግዙ ይላሉ። ሳልመን የሰሜን ቀዝቃዛ ውኃዎች ዓሣ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው የአትላንቲክ ሳልመን አብዛኛው በኖርዌይና በመሰሎቿ አገሮች በእርባታ የሚያድግ ሲሆን፣ ካምፓላ የሚደርሰውም በረዶ ውስጥ ሆኖ፣ ዋጋውም ከብዶ ነው። የጋባ ዓሣ ግን እዚያው ሐይቅ ውስጥ ያደገ ነው። ጠባዩን ላወቀ ሰው ለኦቨን የሚሆን ወፍራም፣ ጠንካራና ከአጥንት የጸዳ ሥጋ ይሰጣል።

ዓሣው ማን ነው?

በሉጋንዳ ቋንቋ ኤምፑታ ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ናይል ፐርች፣ በሳይንስ ስሙ ላተስ ኒሎቲከስ ነው። አድኖ የሚበላ፣ ትልቅ አፍና ብርማ ገላ ያለው ዓሣ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በጫሞና በአባያ፣ በቱርካና ሐይቅና በባሮ ወንዝ በተፈጥሮው ይኖራል። አርባ ምንጭ ሄዶ ወፍራም የዓሣ ኮተሌት የበላ ሰው ምናልባት ሳያውቀው ከኤምፑታ ጋር ተዋውቋል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ግን መጤ ነው። ከታች ከአልበርት ሐይቅ በኩል በናይል ሽቅብ የሚመጣን ዓሣ የመርቺሰን ፏፏቴ ይገታዋል። ውኃው በጠባብ የድንጋይ በር ገብቶ 43 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር የትኛውም ዓሣ ሊሻገረው አይችልም። ይህ ግድግዳ ለረጅም ዘመን ኤምፑታን ከቪክቶሪያ ለይቶ አቆየው። ፏፏቴውን ያሻገሩት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቅኝ ግዛቱ የዓሣ ሀብት ሹማምንት ትንንሾቹን ዓሦች እየበላ ወደ ትልቅና ወደሚሸጥ ሥጋ የሚቀይር ዓሣ ፈለጉ። የሥነ ሕይወት ሊቁ ጄፍሪ ፍራየር በ1960 ሐሳቡን በጽሑፍ ተቃውሞ አስጠነቀቀ፤ ነገር ግን ዓሣው ያኔ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1962 እና በ1963 ደግሞ በይፋ ተጨመረ።

ለሃያ ዓመት ያህል ብዙም ለውጥ አልታየም። በ1980ዎቹ ግን ኤምፑታ ሐይቁን ሞላው። ንኬጄ የሚባሉት፣ ከዚያ በፊት ሐይቁን የሞሉትና የሐይቅ ዳር ቤተሰቦች የሚመገቧቸው ጥቃቅን ዓሦች ተመናመኑ። ሳይንቲስቶች ከእነዚህ 200 ያህል ዝርያዎች እንደጠፉ ይገምታሉ። የውኃው መበከልና የአልጌ መብዛትም ለጥፋቱ ድርሻ አላቸው። በሌላ በኩል ዙሪያውን የፊሌቶ ፋብሪካዎች ተከፈቱ፣ ሥጋው ወደ አውሮፓ መሄድ ጀመረ፣ ዓሣ ከኡጋንዳ ዋና ዋና የወጪ ምርቶች አንዱ ሆነ። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዛሬም የሚተዳደሩበት ነው። ኤምፑታ በቪክቶሪያ ዳርቻ ጥፋትም እንጀራም ሆኖ የመጣ ዓሣ ነው፤ ሁለቱንም አብሮ ማወቅ ተገቢ ነው።

ለምን ለኦቨን ይስማማል?

የዓሣ ሥጋ ከበሬ ሥጋ የሚለይበት መሠረታዊ ምክንያት አለ። ዓሣ ክብደቱን ውኃው ስለሚሸከምለት ጡንቻውን አጥብቆ የሚያስር ብዙ ጅማት አያስፈልገውም። የጡንቻው ክሮች አጫጭር ናቸው፤ ቀጫጭን ሽፋኖች እየለዩዋቸው በንብርብር ይደረደራሉ። ሽፋኖቹ በዝቅተኛ ሙቀት ይሟሟሉ፤ የበሰለ ዓሣ በሹካ ሲነካ በቅጠል በቅጠል የሚለያየው ለዚህ ነው። የበሬ ሥጋን ለማለስለስ የሚጠፋው ረጅም ሰዓት ዓሣን ያደርቀዋል። ለዓሣ የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ሙቀትና አጭር ጊዜ ነው።

ሳልመንና ኤምፑታ የሚለያዩት በስባቸው ነው። በእርባታ ያደገ የአትላንቲክ ሳልመን በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ 13 ግራም ያህል ስብ አለው፤ ስቡም በሥጋው መሀል ተሰራጭቷል። ስለዚህ ደቂቃ ቢያልፍበት እንኳ ይቅር ይላል። የኤምፑታ ስብ በሆዱ በኩልና ከቆዳው ሥር ይከማቻል፤ የጀርባው ፊሌቶ ግን ደረቅ ነው። የሐይቁ ሰዎች ኤምፑታን እንደ ጥቃቅኑ ዓሣ በፀሐይ ማድረቅ ያልቻሉት በዚያ የሆድ ስብ ምክንያት ነው። በጭስ ያደርቁታል፤ ለጭሱ የሚፈጀው እንጨት ደግሞ ደኑን ጎድቷል። ለእኛ ምግብ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ የጀርባ ፊሌቶ ከተገዛ ዘይቱን እኛ እንጨምርለታለን።

በርበሬው ከዓሣው በፊት ይብሰል

የውጭ አገር የቅመም ማሻ ደረቅ ዱቄት ነው፤ ዓሣው ላይ ተነስንሶ ኦቨን ይገባል። በርበሬ ግን እንዲህ አይወድም። ወጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በርበሬ ካልተቁላላ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ዓሣ ኦቨን ውስጥ የሚቆይባቸው ደቂቃዎች ደግሞ በርበሬን አያበስሉም። ከላይ ያለው ዱቄት ሲያር ከታች ያለው ጥሬውን ይቀራል። መፍትሔው ቅመሙን ቀድሞ በዘይት ማብሰል ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገርና አብዛኛው የቅመም መዓዛ በዘይት ስለሚሟሟ፣ ዘይቱ ጣዕሙን ተሸክሞ ወደ ሥጋው ንብርብሮች ያስገባዋል፤ ደረቁንም ፊሌቶ ያረሰርሰዋል።

ለአራት ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- 800 ግራም የኤምፑታ ፊሌቶ፣ ውፍረቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በአራት የተቆረጠ
- 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ
- ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ
- 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ሁለቱም የተፈገፈጉ
- አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው (በርበሬው ጨው ካለበት ይቀነስ)
- 1 ሎሚ

በመጀመሪያ ኦቨኑ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሙቅ። ዓሣው ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ዓሣ ኦቨን ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል፤ ቅመሙም ይንሸራተታል። ብዙዎቻችን ዓሣን በሎሚ የማጠብ ልማድ አለን፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ታጥቦ ይውጣ። ሎሚ ውስጥ የቆየ ዓሣ እሳት ሳያየው ሥጋው ይነጣል፣ ሲበስልም ይሻክራል። ከደረቀ በኋላ ጨዉ በሁለቱም ወገን ይነስነስና የቅመሙ ሥራ እስኪያልቅ ይቆይ።

በትንሽ መጥበሻ ዘይቱ ለብ ይበል፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይግቡ። ሽታቸው ሲወጣ በርበሬው ይጨመር፤ እንዳያር ውኃ ጠብ እየተደረገ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ በዝግታ ይቁላላ። ውኃው ተንኖ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ሲለይ ድንብላሉ፣ ከሙኑና እርዱ ይግቡና ጥቂት ይቆዩ። ኮረሪማው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይጨመር፤ መዓዛው በእሳት ስለሚጠፋ መከለሻ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚገባው ለዚሁ ነው። ቅመሙ ቀዝቀዝ ሲል በዓሣው ዙሪያ በእጅ ይታሽ።

ዓሣው በዘይት በተቀባ የኦቨን ትሪ ላይ ሳይነካካ ይደርደር። ሦስት ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከ12 ደቂቃ በኋላ በጣም ወፍራሙ ቦታ በሹካ ይሞከር። ጥሬ ዓሣ መስታወት የመሰለ ገጽታ አለው፤ የበሰለው እንደ ወተት ነጭቶ በንብርብር ይለያያል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሀሉ 63 ዲግሪ ሲደርስ ያውጣው። ከወጣ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይረፍ፤ ሎሚው ይጨመቅበት፣ ይቅረብ።

ኦቨን የሌለበት ቤት

በካምፓላ ብዙ ቤት የሚያበስለው በከሰል ነው፤ ምድጃውን ሲጊሪ ይሉታል። ኦቨን አለመኖሩ ይህን እራት አያስቀርም። እንደ ድፎ ዳቦ እሳት ከላይ ከታች የሚለው ዘዴ ለዓሣም ይሠራል፦ ወፍራም ድስት በሲጊሪ ላይ ይሙቅ፣ ዓሣው በኮባ ምትክ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀመጥ፣ በብረት ክዳኑ ላይ ፍም ይደረግ። የሙዝ ቅጠሉ ሥጋው ከድስቱ እንዳይጣበቅ ይከላከላል፤ እርጥበቱንም ይጠብቃል። ባጋንዳዎች ሉዎምቦ የሚባለውን የክብር ምግባቸውን በእሳት በለሰለሰ የሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል። ከአገራችን ኮባ ጋር ያለው ዝምድና ለካምፓላ ሀበሻ ማእድ ቤት ትልቅ ሀብት ነው፤ ቅጠሉም በየገበያው ይገኛል። ዓሣው ሙሉ በሙሉ ከተጠቀለለ አምስት ደቂቃ ያህል ይጨመርለት።

ንጌጌ ማለትም ቆሮሶ ለመጠቀም የፈለገ ሰው ፊሌቶው ቀጭን ስለሆነ ከስምንት ደቂቃ ጀምሮ ይመልከተው። ሳልመን ከተገኘ ደግሞ ቅመሙ ያው ሆኖ ዘይቱ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይቀነስ፤ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይብሰል። በረዶ የሆነ ማንኛውም ዓሣ ማታውኑ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ወርዶ ይደር።

ከዚህ ዓሣ ጋር እንጀራና የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያ ቢቀርብ ያምራል። የኡጋንዳን ማዕድ የሚወድ ደግሞ በማቶኬ (በስሎ በሚበላው አረንጓዴ ሙዝ) ወይም በተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ከጎኑም ዶዶ በሚባለው ቅጠል ይብላው። የቅመሙን ዘይት ማቶኬው በደንብ ይመጠዋል። በጾም ወራት ዓሣ የሚበሉ ቤተሰቦች ቅቤ የሌለበት በመሆኑ እንዳለ ሊሠሩት ይችላሉ።

ገበያ ላይ ምን እንይ?

ትኩስ ዓሣ ሽታው ለስለስ ያለ የውኃ ሽታ ነው። ሙሉውን ሲገዙ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን፤ ፊሌቶ ከሆነ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ሥጋ ይምረጡ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ውፍረቱን ማየት ያስፈልጋል።

በኡጋንዳ ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ኤምፑታ ማስገር በሕግ የተከለከለ ነው። ሴቷ ዓሣ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው ከዚያም በላይ ስትረዝም ነው፤ ከደረሰች ግን በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉን እንዲያስከብር ጦር ሠራዊቱ ሐይቁ ላይ ተሰማራ። ሕገ ወጥ መረቦችና ጀልባዎች ተቃጥለዋል፤ በአስጋሪዎቹ ላይ በደል ደርሷል የሚል ከባድ ቅሬታም ተነስቷል። ዋናውን ጫና የሚሸከመው ድሃው አስጋሪ ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ ዓሣ የሚሰገረው ገዥ ስላለው ነው፤ ስለዚህ የገዥውም እጅ በነገሩ አለበት።

እዚህ ላይ የማእድ ቤቱና የሐይቁ ጥቅም ይገናኛሉ። ከጨቅላ ዓሣ የተቆረጠ ፊሌቶ ቀጭን ስለሆነ ኦቨን ውስጥ ገና ሳይቀላ ይደርቃል፤ ለዚህ አሠራር የሚመቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት የሚገኘው ከጎለመሰ ዓሣ ነው። ኤምፑታን ሐይቁ ውስጥ የመጨመሩ ውሳኔ በሌሎች ሰዎች እጅ ተወስኖ አልፏል፤ የጠፉት ንኬጄዎችም አይመለሱም። ዛሬ በእኛ እጅ ያለው ግዢው ነው። ሻጩ ቀጭኑን ቁራጭ በርካሽ ሲያቀርብ እምቢ ማለት፣ ወፍራሙን መጠየቅ፣ ገንዘቡ ካልበቃ ከወፍራሙ ትንሽ መግዛት። እራቱም ይጥማል፤ ሐይቁ ውስጥ የቀረው ጨቅላም አድጎ ለመውለድ ዕድል ያገኛል።