ደብል ጋቢና በስክሪኑ አይገዛም

አጎቴ ኮተቤ መኖ ይሸጣል። ጠዋት ጠዋት ፋጉሎና ፉርሽካ ጭኖ ወደ ካራና ወደ እንጦጦ ግርጌ ላም ላረቡ ደንበኞቹ ያደርሳል። ሃያ ዓመት ያገለገለችው ፒክአፕ ባለፈው ክረምት ሞተሯ አለቀ። ሸጣት፤ ገንዘቡን ከቁጠባውና ከባንክ ብድር ጋር ደመረና ደወለልኝ። “አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ? ነይ አዲስ መኪና ምረጪልኝ። ይቺ የመጨረሻዬ ናት።”

“የመጨረሻዬ” የምትለዋ ቃል አስጨነቀችኝ። አጎቴ 58 ዓመቱ ነው። ብንሳሳት የሚታረምበት ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ብድሩ ግን በየወሩ ይከፈላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቲክቶክ ላይ የምናያቸው ፎርድ ኤፍ-150 እና ቶዮታ ቱንድራ ለአሜሪካ አውራ ጎዳና የተሠሩ ናቸው። ባለ አራት በሩ ኤፍ-150 ርዝመቱ 5.9 ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ መስታወቱ ሳይቆጠር ከ2 ሜትር ያልፋል። ይህን ይዞ የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ውስጥ ለውስጥ መንገድ መግባት በራስ ላይ መቀለድ ነው። እኛ አገር “ትልቅ ፒክአፕ” ማለት እንደ ሃይሉክስ ያለ ደብል ጋቢና ነው፤ 5.3 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 1 ቶን ወይም 10 ኩንታል ያህል ጭነት።

ኤክሴል ከፈትኩ። ዋጋ፣ የፈረስ ጉልበት፣ የነዳጅ ፍጆታ፣ ዋስትና ብዬ ነጥብ ሰጠሁ። አንደኛ የወጣው በቅርቡ ገበያ የገባ፣ ዋጋው ረከስ ያለ፣ ታብሌት የሚያህል ስክሪን ያለው መኪና ሆነ። አጎቴ ደስ አለው፤ እኔም ኮራሁ።

ሾላ ገበያ አካባቢ ያለው የድሮ መካኒኩ ግን ሰንጠረዤን አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። “እህቴ፣ የዚህ መኪና የነዳጅ ፊልትሮ ዛሬ የት ይገኛል?” ሻጩ ጋ ደወልኩ። “በትዕዛዝ ነው፣ ሁለት ወር ገደማ” አለኝ። የፍሬን ሸራስ? እሱም በትዕዛዝ። ከሰንጠረዤ የጎደለው ይሄ ነበር፤ መኪናው ሥራ ፈትቶ የሚቆምበት ቀን።

በምሳሌ እናስላው። በሁለት መኪኖች መካከል የ900,000 ብር ልዩነት አለ እንበል። በ15 ዓመት ሲካፈል በዓመት 60,000፣ በወር 5,000 ብር ነው። በቀን 3,000 ብር የሚያስገባ መኪና ደግሞ በወር ሁለት ቀን ብቻ ቢቆም 6,000 ብር ይከስራል። ወለዱንና የዋጋ ንረቱን አላስገባሁም፣ ግን ነገሩ ገባችሁ አይደል? ርካሹ መኪና ውድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ዶላሩ አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መለዋወጫ በዶላር ነው የሚገባው። ስለዚህ ለ15 ዓመት መኪና ስትገዙ የ15 ዓመት መለዋወጫውንም አብራችሁ እየገዛችሁ ነው። ዕቃው በብዛት ያለው መኪና ነጋዴዎች ስለሚፎካከሩበት ዋጋው ቢወጣም አማራጭ አታጡም፤ ሶማሌ ተራ ቢያንስ ያገለገለ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዳገቱ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲታለፍ ደግሞ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ተርቦ የሌለው ሞተር አየር ስለሚያጥረው ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል። ብሮሹር ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የባሕር ዳርቻ ጉልበት ነው። ለእኛ ተርቦ ያለው ናፍጣ ይሻላል፤ ግን የጭስ ማጣሪያ ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ንጹሕ ናፍጣ ስለሚፈልጉ፣ ሞተሩ እዚህ ለሚሸጠው ነዳጅ የተሠራ መሆኑን ጠይቁ።

ኤሌክትሪክስ? በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው የግድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ቢሳሳም ጉልበቱ አይቀንስም፤ ከእንጦጦ ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ቤቱ ቻርጅ ማድረግ ለሚችልና ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው በቁም ነገር የሚታሰብ ነው። አጎቴን ያስቆመው የባትሪው ዋስትና ነው፤ እዚህ አገር ማን በፊርማው እንደሚያከብረው ሻጮቹን ስንጠይቅ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘንም።

በመጨረሻ ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ዲክላራሲዮኑን አየን፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር አመሳከርን፤ የተመረተበትን ዓመትም አረጋገጥን። “ዜሮ ዜሮ ነው” ማለት ዘንድሮ ተሠራ ማለት አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ጭነን እንድንሞክር ስላልፈቀደ ያው ሞዴል ያለውን ደንበኛውን ለመንን። ስምንት ኩንታል ፉርሽካ ጭነን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ወጣን። አጎቴ ሬዲዮ ዘግቶ ሞተሩን ብቻ ያዳምጥ ነበር። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሲወርድ ፍሬኑን ብዙም ሳይነካ መኪናዋ ራሷን ያዘች። “በቃ ይቺ ናት” አለ።

ማኑዋል ማርሽ ያላት፣ ተርቦ ናፍጣ ሃይሉክስ ነው የገዛው። ካሰብነው በላይ አስወጣችው፤ የወር ክፍያው ሲደርስ እስካሁን ያጉረመርማል። ስክሪኗም ትንሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ ልትቀይር ሾላ ወረደች፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገብታ አምስት ሰዓት ላይ ካራ መኖ እያወረደች ነበር። እኔም ኤክሴሉ ላይ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፦ “ዕቃው ዛሬ የት ይገኛል?”