ጌታን ከተቀበሉ በኋላስ?

በወላይታ ሶዶ ወንጌላውያን ዘንድ ስለ መዳን ሲወራ «ጌታን የተቀበልከው መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ንስሓና እምነት መነሻ አላቸውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ሊከተለው የሚገባ ሌላም አለ፦ ከተቀበልክ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ድነት ሲጽፍ አንድ ጊዜ እንደተፈጸመ፣ አንድ ጊዜ በመፈጸም ላይ እንዳለ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ገና እንደሚጠበቅ አድርጎ ይናገራል። ይቅርታው የጸጋ ስጦታ ነው፤ ማንም በሥራው አይገዛውም። ይቅር የተባለው ሰው ግን ክርስቶስን ወደ መምሰል ተጠርቷል። ቁጣው፣ አንደበቱ፣ ገንዘብ አያያዙ፣ በቤቱ ያለው ጠባይ በአንድ ጀንበር አይታረምም። ደቀ መዝሙርነት የሚባለው ይህ ረጅም ትምህርት ነው።

የወላይታ ታሪክ ይህን በተግባር ያሳያል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወደ ሶዶ የመጡት በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች የተጠመቁት ግን በ1926 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት የሚሰጠው አማኙ ተምሮና ኑሮው ታይቶ ስለነበር ችኮላ አልነበረም። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪዎች ሚስዮናውያኑን ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ።

ሥራው ከዚያ በኋላ በአገሬው ሰዎች እጅ ወደቀ። በወላይትኛ የነበራቸው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነበር፤ ማንበብ የቻለ ያነባል፣ ሌላው ሰምቶ በቃሉ ይይዛል። እንደ አቶ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታስረው ተገረፉ፤ መስበካቸውን ግን አልተዉም። አማኞቹ ለታሰሩት ስንቅ ያቀብሉ፣ የተቸገረውን ይደግፉ ነበር። ጎረቤትን የሳበውም ይኸው ፍቅራቸው ነው። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የጠበቋቸው አማኞች ወደ 10,000 ይገመቱ ነበር። የወላይታ ወንጌላውያንም የተማሩትን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ጎፋና አሪ ተጓዙ።

መከራ በራሱ ሰውን አይለውጥም፤ ብዙዎችን ይሰብራል። የወላይታ አማኞችን ያጸናቸው ከመከራው በፊት የተቀበሉት ትምህርትና በመከራው ውስጥ አብሯቸው የቆመው ማኅበር ነው። ለውጥ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ቢሆንም የሚያድገው በቃሉ፣ በጸሎት፣ በንስሓ፣ እርስ በርስ በመተራረምና በመደጋገፍ ነው። ለብቻው የሚኖር አማኝ ድካሙን የሚነግረው፣ ጥፋቱን የሚያሳየው ሰው ያጣል።

ስለዚህ አዲስ አማኝ ከሆኑ ለመማር ጊዜ ይስጡ፤ መውደቅዎንም የመንገዱ ፍጻሜ አድርገው አይቁጠሩት፤ ተነሥተው ይቀጥሉ። ቆየት ያሉ አማኝ ከሆኑ ደግሞ አንድ ሰው ይዘው አብረው ያንብቡ፣ ይጸልዩ፣ ኑሮውን ይጠይቁ። አብያተ ክርስቲያናትም ዛሬ ጌታን ለመቀበል እጁን ያነሣውን ሰው ነገ ማን እንደሚያስተምረው ዛሬውኑ ይወስኑ።